የእንፋሎት ማሞቂያ፦ አምስተኛ ፎቅ መስኮት ከፍቶ ይተኛል፣ ግራውንድ ይንቀጠቀጣል፤ ከየት እንጀምር?

ኮሚቴ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖርበት ሕንፃ አምስት ፎቅ ነው፣ አሮጌ ነው፣ የሚሞቀውም በእንፋሎት ነው። ምድር ቤት አንድ ትልቅ ቦይለር አለ፣ በየክፍሉ ደግሞ ከባድ የብረት ራዲያተር። የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ስላስገቡኝ አሁን የሁሉም ሰው ስሞታ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብርድ ወራት አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሙቀቱ ስለሚያፍናቸው መስኮት ከፍተው ነው የሚተኙት። ግራውንድ ላይ፣ በተለይ ከቦይለሩ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ያሉት ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ጃኬት ለብሰው ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝተዋል፣ በሁለት በኩል ነው የሚከፍሉት ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ያለው ግራውንድ ኮሪደር ላይ፣ ልክ መግቢያው በር አጠገብ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርድ ይነካውና ቦይለሩ ይነሳል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ሰው ገብቶ በመዶሻ የሚደበድብ ነው የሚመስለው፣ ሕፃናት ይነቃሉ።

የጠራነው ባለሙያ መጥቶ ግፊቱን ከፍ አደረገና «አሁን እስከ ጥግ ይደርሳል» ብሎ ሄደ። ጥግ ያሉት አልሞቃቸውም። ጩኸቱ ግን ባሰበት። ሌላ ድርጅት ደግሞ ቦይለሩን ቀይሩት አለን። ጎረቤቶቼ በየራዲያተሩ ሙቀት የሚቆጣጠር ቫልቭ ይገጠም ይላሉ፣ አንዱ ጭራሽ ሁሉንም ነቅለን በሙቅ ውሃ እናድርገው አለ። ያለን ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው፣ እሱም በብዙ ጭቅጭቅ የተዋጣ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

የቦይለር ክፍል

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ባለበት አስቀምጠው። ቦይለርም አትግዙ። መጀመሪያ ያንን ግፊት ወደነበረበት መልሱት፣ እንዲያውም ከነበረበትም ዝቅ አድርጉት።

ብዙ ሰው እንፋሎት እንደ ውሃ በኃይል ካልተገፋ የማይሄድ ይመስለዋል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ የሚሆን እንፋሎት ይወጣዋል፤ መንገድ ካገኘ ማንም ሳይገፋው ይሄዳል። መንገዱን የሚዘጋበት አየር ነው። ቦይለሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ቧንቧውም ራዲያተሩም ሙሉ በሙሉ አየር ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሲነሳ እንፋሎቱ ያንን ሁሉ አየር አስወጥቶ ነው ቦታውን የሚይዘው። አየሩ መውጫ ከሌለው እንፋሎቱ እዚያው ይቆማል። አፉ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ለመሙላት እንደመታገል ነው፤ አየሩ ካልወጣ ምንም ብትገፋው ይረጭብሃል እንጂ አይገባም።

ሙቀትም በግፊት አይጨምርም፣ ይጨምራል ከተባለም ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ግፊት በሌለበት እንፋሎቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ድረስ ብትወስደው 115 ገደማ ይሆናል። ቤቱን የሚያሞቀው የእንፋሎቱ ዲግሪ ሳይሆን ራዲያተሩ ውስጥ ወደ ውሃ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ነው። አንድ ኪሎ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ 2,257 ኪሎጁል ይለቃል፤ ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ ከበረዶ ነጥብ አንስቶ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚያስፈልገው 419 ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታው እንፋሎቱን ራዲያተሩ ድረስ ማድረስ ነው፣ አለቀ።

ጩኸቱ ለምን እንደባሰ ደግሞ ልንገርህ። ራዲያተር ውስጥ ወደ ውሃ የተመለሰው እንፋሎት በራሱ ክብደት ወርዶ ነው ቦይለር የሚገባው። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት 1 ፒኤስአይ በጨመረ ቁጥር ግን መመለሻው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ 70 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ይቆማል። ግፊቱን አብዝተህ ስትለቀው ውሃው ቁመቱን ጨርሶ እንፋሎት የሚሄድበት አግዳሚ ቧንቧ ውስጥ ይገባል፣ እንፋሎቱ ያንን ውሃ አንስቶ ከክርኑ ጋር ያጋጨዋል። የምትሰሙት መዶሻ እሱ ነው።

አሁን የማደርገውን ብነግርህ፦ መጀመሪያ ሲስተሙ ባለ አንድ ቧንቧ ይሁን ባለ ሁለት ለይ። ራዲያተሩ ጋ የሚደርሰው አንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነና በሌላው ጎኑ አውራ ጣት የምታህል ብረት ካለች ባለ አንድ ነው። ያቺ ብረት ቬንት ናት፤ አየር ታስወጣለች፣ እንፋሎት ሲደርስባት ትዘጋለች። ከዚያ ምድር ቤት ውረድና ዋናውን ቧንቧ ተከትለህ ጫፉ ድረስ ሂድ። መጨረሻው አካባቢ ትልቅ ቬንት መኖር አለበት። አሮጌ ሕንፃ ላይ ይህ ቬንት ወይ በቀለም ተደፍኗል፣ ወይ አንዱ ሲያንጠባጥብ አይቶ ነቅሎ በመክደኛ ዘግቶታል።

ቦይለሩ ቀዝቅዞ ቆይቶ ሲነሳ ሰዓት ያዝ። ከቦይለሩ አጠገብ ያለው ዋና ቧንቧ ከጋለበት ጀምሮ የመጨረሻው ጫፍ እስኪግል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በእጅህ እንዳትነካው፣ ከርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ተዋስ። ጥቂት ደቂቃ ከሆነ ደህና ነው። ሃያ ደቂቃ ከሆነ የጥግ ሰዎችህን ችግር አገኘኸው፤ እነሱ ጋ እስኪደርስ ለቦይለሩ ቅርብ ከሆኑት ቋሚ ቧንቧዎች ላይ ያሉት ሁሉ ጠግበዋል። ቴርሞስታትህ ደግሞ በር ላይ ቁጭ ብሎ ገና ብርድ ነው ይላል። ላይኛው ፎቅ ቢቀቀል ምን ይገርማል?

ሴንሰር

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ቴርሞስታቱ ያለበት ቦታ ካልተስተካከለ ቬንት ብትቀይሩም ነዳጁ መንደዱን አያቆምም። በር አጠገብ ያለ አንድ ቴርሞስታት አምስት ፎቅ ሊወክል አይችልም። እኔ ብሆን ከኮንትሮሉ ነው የምጀምረው።

ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ የተሠራ መቆጣጠሪያ አለ። ከውጭ ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ በማይነካው በኩል አንድ ሴንሰር ይገጠማል፤ ብርዱ በጨመረ ቁጥር ቦይለሩ በየዙሩ የሚሠራበት ጊዜ ይረዝማል። ሌላ ሴንሰር ደግሞ በጣም ሩቅ የሆነው መመለሻ ቧንቧ ላይ ይታሰራል። ይህኛው ነው ቁም ነገሩ። መቆጣጠሪያው ደቂቃ መቁጠር የሚጀምረው ቦይለሩ ከተነሳ ጀምሮ ሳይሆን እንፋሎቱ እዚያ ሩቅ ቦታ መድረሱን ሴንሰሩ ከነገረው በኋላ ነው። ስለዚህ ዙሩ ከማለቁ በፊት የጥግ ሰዎች ድርሻቸውን አግኝተዋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ በተለያየ ፎቅ፣ በተለያየ አቅጣጫ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ይቀመጡና አማካያቸው ይወሰዳል። አማካዩ የተፈለገው ሙቀት ላይ ከደረሰ ውጭ የፈለገውን ያህል ቢበርድ ቦይለሩ አይነሳም። መስኮት የከፈተ ሰው ያለበትን ክፍል ከአማካዩ ማውጣት እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ አንድ ሰው ንጹሕ አየር ፈልጎ ሕንፃውን በሙሉ ያስቀቅላል።

ማታ ማታ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግን በተመለከተ፦ አድርጉት ግን በልክ። ሁለት ሦስት ዲግሪ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካወረዳችሁት ጠዋት ላይ ቦይለሩ ለረጅም ጊዜ ሳያርፍ ስለሚሠራ ግፊት ይጠራቀማል፣ ቅርብ ያሉት ይቀቀላሉ፣ ያቺ የንጋት መዶሻም ትመጣለች። ኮሚቴ፣ የእናንተ ማታ ስንት ዲግሪ ነው የሚወርደው?

የቦይለር ክፍል

ሴንሰር፣ መቆጣጠሪያውን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ግን ቅደም ተከተሉ። እንፋሎቱ ሩቁ ቧንቧ ጋ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ በሚፈጅበት ሕንፃ ላይ ያንን ዕቃ ብትገጥሚው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃል፣ ከዚያ ገና መቁጠር ይጀምራል። አምስተኛ ፎቅ እስከዚያ ምን ሊሆን ነው? የተዛባውን ነገር በትክክል መቆጣጠር ይሆናል። ዋና ቬንቶቹ ርካሽ ናቸው፣ እነሱ ይቅደሙ፣ መቆጣጠሪያው ይከተል።

ቴርሞስታቱን ከበር ማራቅ ግን ገንዘብ ስለማይጠይቅ ነገ ይደረግ። እዚህ ላይ አንቺ ነሽ ልክ።

ኮሚቴ ነኝ

ጋሼ እርስዎም፣ ሴንሰር አንቺም በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከጥበቃው ጋር ምድር ቤት ወርደን ነበር። ያየነውን ልጻፍ።

ባለ አንድ ቧንቧ ነው። ዋናው ቧንቧ መጨረሻው ላይ ቬንት የለም፣ እርስዎ እንዳሉት መክደኛ ነው ያለው! የብዙ ራዲያተሮች ቬንት ከራዲያተሩ ጋር አብሮ ተቀብቷል፣ የቀለሙ ውፍረት ለጉድ ነው። ቦይለሩ ላይ ውሃ የሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ቡና መስሏል፣ ቦይለሩ ሲሠራ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ይዘላል። የግፊት ጌጁ እስከ 30 የሚለካ ነው፣ መርፌው ትንሽ ከዜሮ ከፍ ይላል፣ ስንት እንደሆነ ማንበብ አይቻልም።

ቧንቧዎቹ አንዳንድ ቦታ ነጭ ጂፕሰም በሚመስል ነገር ተጠቅልለዋል፣ አንዳንድ ቦታ ተቀርፎ ወድቋል፣ አንዳንድ ቦታ ራቁታቸውን ናቸው። ምድር ቤቱ ከማንም ሳሎን በላይ ይሞቃል። ጥበቃው የተቀረፈውን ጠራርጌ ልጣለው እያለኝ ነው።

ማታ የሚወርደው ስድስት ዲግሪ ነው። ማን እንዳደረገው አላውቅም።

ሜካኒካል

ጥበቃውን አሁኑኑ አስቁመው! ያ ነጭ ነገር አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ የእንፋሎት ቧንቧ ላይ በጣም የተለመደ ነበር። ሲቀረፍና ሲጠረግ የሚበነው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፣ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። አትጥረጉት፣ አትቅረፉት፣ በሩን ዝጉና ናሙና ወስዶ የሚመረምር ፈቃድ ያለው ሰው ጥሩ። እሱ ሳይለይ እዚያ ቤት ውስጥ ምንም ሥራ አይጀመር፣ ቬንትም ቢሆን። ይህ ከነዳጁም ከጩኸቱም ይቀድማል።

ከተጣራ በኋላ ራቁቱን ያለውን ዋና ቧንቧ በፋይበርግላስ አልብሱት። ያልለበሰ ቧንቧ ውስጥ እንፋሎቱ ራዲያተር ሳይደርስ መንገድ ላይ ውሃ ይሆናል። የምድር ቤታችሁ ሙቀት የከፈላችሁበት ሙቀት ነው። ውሃ የሆነው እንፋሎት ደግሞ ለመዶሻው ተጨማሪ ጥይት ነው።

ስለ መዶሻው ግፊት ብቻ አይደለም ተጠያቂው። ባለ አንድ ቧንቧ ሲስተም ላይ እንፋሎት የሚገባውና ውሃ የሚመለሰው በዚያው በአንዱ ቧንቧ ነው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ራዲያተሩ ወደ ቫልቩ በኩል ትንሽ ማዘንበል አለበት። ውሃልክ አስቀምጡበት። ወደ ሌላው ጎን ካዘነበለ ወይም ወለሉ ሰምጦ ከሆነ ውሃው ጥግ ይዞ ይቀራል፣ የሚቀጥለው እንፋሎት ይመታዋል። በቬንቱ በኩል ካሉት እግሮቹ ሥር ቀጭን ጣውላ ማስገባት ብቻ የብዙ ክፍል ጩኸት ያቆማል። ምድር ቤት ያለው አግዳሚ ቧንቧም እንደዚያው፤ ማንጠልጠያው ላልቶ መሃሉ ላይ ከረገበ የረገበው ቦታ ላይ ውሃ ይተኛል።

ቡና የመሰለውና የሚዘለው ውሃ ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ውሃው ላይ ዘይትና ቆሻሻ ሲንሳፈፍ እንፋሎቱ በሰላም አይወጣም፣ ውሃውን ይዞ ነው ወደ ቧንቧ የሚወጣው። እርጥብ እንፋሎት ይሉታል። ከታች ማፍሰስ አይጠቅምም፣ ዘይት ከውሃው በላይ ነው የሚንሳፈፈው። ቦይለሩ ጎን ላይ በውሃው ልክ ላይ ያለ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ በኩል ውሃውን እያሞቁ (ሳይፈላ) በቀስታ ለሰዓታት እየሞሉ ከላይ ከላይ ማስወገድ ነው። አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ብዙ ባለሙያ ይዘለዋል። ሠራሁት ካለህ ስንት ሰዓት ፈጀብህ ብለህ ጠይቀው፤ ግማሽ ሰዓት ካለ አልሠራውም።

አራተኛ ፎቅ ተከራይ

ይቅርታ በመሃል ልግባ፣ እኔም የእንፋሎት ራዲያተር ያለው ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው፣ አራተኛ ላይ። የእኔም ቤት ምድጃ ነው። ወለሉ ጋ ያለውን ቫልቭ ግማሽ ድረስ እዘጋዋለሁ፣ ትንሽ ይቀንስልኛል ግን ቬንቷ ውሃ ትተፋለች፣ ምንጣፌን አበላሸችው። አከራዩ ምንም አያደርግም። እኔ በራሴ የማደርገው ነገር የለም?

ሜካኒካል

እህት፣ ግማሽ መዝጋት አይሆንም። ባለ አንድ ቧንቧ ከሆነ ያ ቫልቭ ወይ ሙሉ ክፍት ነው ወይ ሙሉ ዝግ። ግማሽ ሲሆን እንፋሎቱ በጠባቡ ይገባል፣ ውሃው ግን በዚያው ቀዳዳ መውረድ ስላቃተው ራዲያተሩ ውስጥ ይከማቻል፣ በቬንት ይወጣል። ምንጣፍሽ የተበላሸው በዚህ ነው። ሙሉ ክፈቺው።

መቀነስ የሚቻለው በአየሩ በኩል ነው። ቬንቷን ቀስ ብላ በምታስወጣ ቬንት ማስቀየር ትችያለሽ፤ አየሩ በዝግታ ሲወጣ እንፋሎቱ ራዲያተሩን ሳይሞላው ዙሩ ያልቃል። ወይም በራዲያተሩና በቬንቱ መሃል የሚገባ የሙቀት ቫልቭ አለ። ክፍሉ ሲሞቅ አየሩን ይይዘዋል፣ አየሩ ካልወጣ እንፋሎት አይገባም። ነገር ግን ጠንቅቀሽ እወቂ፦ እንፋሎቱ አንዴ ከገባ በኋላ ይህ ቫልቭ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ሥራው በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ቦይለሩ ለሰዓታት ሳያቋርጥ በሚሠራበት ሕንፃ ብዙም አይጠቅምም። ሲገዛም ቫኪዩም የሚሰብር ክፍል ያለው መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ አየር ተመልሶ ስለማይገባ ውሃውን ይዞ ይቀራል።

ሌላው፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሙቀት የማያሳልፍ ሽፋን ውስጥ ራዲያተሩን ማስገባት ነው። ራዲያተሩ የሚለቀው ሙቀት ከቀነሰ ውስጡ ውሃ የሚሆነው እንፋሎትም ይቀንሳል፣ የተረፈው ወደ ሌላው ክፍል ይሄዳል። በቤት ውስጥ ባለ ብርድ ልብስ እንዳትሞክሪው ብቻ።

የቦይለር ክፍል

ኮሚቴ፣ ያየኸው ሁሉ የሚጠበቅ ነው፣ ጥሩ አድርገህ አይተሃል። ቅድም ሜካኒካል ስለ ነጩ ነገር ያለውን ስማ፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ግፊቱን በተመለከተ፣ መቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ ማስነሻው 0.5፣ ማጥፊያው 1.5 ፒኤስአይ ይሁን፤ ማጥፊያው በባር ሲሆን 0.1 ገደማ ነው። አንዳንዱ ሳጥን ላይ ፊት ለፊት የሚታየው ቁጥር ማስነሻው ነው፣ ውስጥ ያለችው የምትዞር ክብ ነገር ደግሞ በማስነሻውና በማጥፊያው መሃል ያለው ልዩነት ናት፤ ሁለቱ ተደምረው ነው ማጥፊያው የሚገኘው። ይህንን ሳያውቁ የሚያዞሩ አሉ፣ ቀነስኩ ብለው ይጨምራሉ። ሳጥኑን ከቦይለሩ ጋር የምታገናኝ ጠምዛዛ ቀጭን ቱቦም አለች። በዝቃጭ ከተደፈነች ሳጥኑ ግፊቱን ስለማያየው ምንም ላይ ብታስተካክለው ቦይለሩ አይሰማህም። ቦይለሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ትፈታና ትጠረግ። የ30ውን ጌጅ አትንቀሉት፣ ከአጠገቡ ግን እስከ 3 ፒኤስአይ ብቻ የሚያነብ ሌላ ጌጅ አስገጥሙ፤ ያኔ ነው ሕንፃው ምን እየሆነ እንደሆነ የምታየው።

እዚያው ላይ 15 ፒኤስአይ ሲደርስ የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ አለ። ያንጠባጥባል ብሎ የሚዘጋው ሰው ካለ ከምድር ቤት አስወጡት። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይቀየራል እንጂ አይዘጋም። ውሃ ሲጎድል ቦይለሩን የሚያጠፋው መሣሪያም ተንሳፋፊ ያለው ዓይነት ከሆነ በየሳምንቱ ዝቃጩ ይፍሰስ። ደርቆ የሚነድ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ የሚሆነውን ማንም ማየት የለበትም።

ቬንቶቹ፦ ዋናው ቧንቧ ላይ ትልቅና ፈጣን፣ በተቻለ መጠን ከአንድ በላይ። ራዲያተር ላይ ግን ዝግ ያሉ። ሰዎች የሚበርዳቸው ራዲያተር ላይ ፈጣን ቬንት ለመግጠም ይቸኩላሉ፣ ከዚያ ውሃ መትፋት ይጀምራል። ዋናው ቧንቧ አየሩን ቶሎ ካስወጣ ለሁሉም ራዲያተር እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው አምስተኛ ፎቅን ትንሽ ዝግ፣ ጥግ ያሉትን ትንሽ ፈጠን ማድረግ። የቆየ ቬንት ይሠራ አይሠራ ለማወቅ ቦይለሩ በጠፋበት ነቅለህ ንፋበት። ቀዝቃዛ ሆኖ አየር ካላሳለፈ ሞቷል።

ሁለት ቧንቧ ያለው

የእኛ ሕንፃ ባለ ሁለት ቧንቧ ስለሆነ ለሚያነቡት ይጠቅም እንደሆነ ልጻፍ። እዚህ ቬንት ሳይሆን ራዲያተሩ መውጫ ላይ ትራፕ አለ፤ ውሃና አየር ያሳልፋል፣ እንፋሎት ይይዛል። ትራፑ ተከፍቶ ከቀረ እንፋሎቱ መመለሻው ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የሌሎቹን ራዲያተሮች አየር መውጫ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ የተበላሸው ትራፕ ያለበት ክፍል ሞቆ ይተኛል፣ የሚቀዘቅዘው ጎረቤቱ ነው። እኛ የቀዘቀዙትን ክፍሎች ትራፕ ስንቀያይር ቆየን፣ ምንም። ከትራፑ በኋላ ያለውን ቧንቧ በቴርሞሜትር ስንለካ ነው 100 ዲግሪ የሚጠጋው የትኛው እንደሆነ የታየው፤ ሁሉም ስሞታ አቅርቦ በማያውቅ ሰው ቤት ነበር። የሚቀየረው በአንድ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ አንድ በአንድ ስትቀይሩ የቀሩት አሮጌዎቹ አዲሱን ያበላሹታል።

ኮሚቴ ነኝ

ይህን ሁሉ ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው። ጥበቃው ምድር ቤቱን ቆልፎታል፣ ናሙና የሚወስድ ሰው ተጠርቷል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ወደ ሙቅ ውሃ እንቀይር የሚለው ሰው አልተወኝም፣ ምን ልበለው? ቦይለሩስ አንድ ቀን መቀየሩ ስለማይቀር መጠኑ እንዴት ነው የሚታወቀው? ድርጅቱ የድሮው ላይ የተጻፈውን አይቶ ያንኑ አቀረበልን።

የቦይለር ክፍል

ለሰውየው እንዲህ በለው። አሁን ቧንቧዎቹ የሚሸከሙት 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ነው። በውሃ ሲሞሉ አምስት ፎቅ ቁመት ያለው ውሃ ምድር ቤት ላይ 1.5 ባር ገደማ ይጫናል፣ ይህም ከ20 ፒኤስአይ በላይ ነው። ለዘመናት ያንን አይተው የማያውቁ መጋጠሚያዎች በየሰው ግድግዳ ውስጥ ማልቀስ ይጀምራሉ። ሁለተኛ መመለሻ ቧንቧ በየራዲያተሩ መሳብ አለበት፣ አንዳንዱ የእንፋሎት ራዲያተር ደግሞ ክፍሎቹ ከታች ብቻ ስለሚገናኙ ለውሃ አይሆንም። 80 ዲግሪ ውሃ የሚዞርበት ያው ራዲያተር የሚሰጠው ሙቀትም ከእንፋሎቱ ሲሶ ያህል ያንሳል። ሕንፃው ሙሉ እድሳት ላይ ከሆነና ግድግዳው ከተከፈተ ያኔ እንነጋገር።

የቦይለር መጠን የሚወሰነው በራዲያተሮቹ ነው። የቤቱን ስፋት ወይም የድሮውን ቦይለር ማየት ዋጋ የለውም። እንፋሎቱ ሁሉንም ራዲያተር መሙላት አለበት፤ ካነሰ የመጨረሻው ራዲያተር አይሞቅም፣ ከበዛ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ግፊት ሞልቶ ይጠፋል ይነሳል፣ ነዳጁ በዚያ ያልቃል። እያንዳንዱ ራዲያተር ተለክቶ ከሠንጠረዥ ላይ ስፋቱ በስኩዌር ፊት ይወጣል። አንዱ ስኩዌር ፊት በሰዓት 240 ቢቲዩ ነው፣ 70 ዋት ማለት ነው። ሁሉም ይደመርና ቧንቧውን ለማሞቅ የሚሆን ሲሶ ያህል ይጨመርበታል። ቤት ለቤት ዞሮ ራዲያተር ሳይቆጥር ዋጋ የሚያቀርብ ድርጅት ካለ አሰናብቱት።

ሴንሰር

ስድስት ዲግሪውን ግን ዛሬ ወደ ሁለት አውርዱት፣ ይህ ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ቴርሞስታቱ ላይ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ቬንቶቹ ገብተው ሩቁ ጫፍ የሚደርስበት ደቂቃ ካጠረ በኋላ ስለ መቆጣጠሪያው ተመልሰህ ጻፍ፣ ሴንሰሮቹ የት የት እንደሚቀመጡ ያኔ ንድፉን አይተን እንነጋገራለን። የቦይለሩን ማስነሻና ማጥፊያ ሰዓትም ከአሁኑ መመዝገብ ጀምሩ፣ በኋላ የምታወዳድሩበት ነገር እንዲኖራችሁ።

ሜካኒካል

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለቦይለሩ አዲስ ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ ላይ ቆጣሪ አስገጥሙ። ደህና ሲስተም ብዙ አዲስ ውሃ አይጠጣም፣ ያው ውሃ ነው የሚመላለሰው። ቆጣሪው በየቀኑ የሚሮጥ ከሆነ አንድ ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወለል ሥር በተቀበረው መመለሻ ቧንቧ ላይ፣ እየፈሰሰ ነው። አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ቦይለሩን ከውስጥ ይበላዋል። ቦይለር ቀይሩ ያላችሁ ድርጅት ይህንን ሳያይ አዲሱን ቢገጥምላችሁ እሱንም በጥቂት ዓመት ያጣችሁት ነበር።

ኮሚቴ ነኝ

ቆጣሪ የለም። ውሃው በራሱ ነው የሚገባው፣ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም። ጥበቃው ግን አንድ ጥግ ላይ ወለሉ በብርድ ጊዜ ሁልጊዜ ሞቃትና እርጥብ ነው እያለኝ ነው፣ ድመቶች እዚያ ነው የሚተኙት ይላል።

ሜካኒካል

ወለሉን እዚያ ጋ ክፈቱ። ግን የናሙናው ውጤት ከመጣ በኋላ።